ለተቀመጠ ሰው የተቆረጠ ብርሃን

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ገና ምንም ሳይታይ፣ አደባባዩ መሀል ከቆመው የብረት ማማ ላይ አንድ እምምታ ተነሣ፤ ንብ ቀፎዋን ለቃ ልትወጣ ስትል እንደምታሰማው ያለ፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚያርፍ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ዞር ዞር አሉ። አንድ ውሻ ጮኸ፤ ማን ላይ እንደሚጮህ ሲጠፋው ግን ተወው።

«አትደንግጡ! ማራገቢያው ነው!» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ከማማው ሥር ሆኖ። «ዕቃው ሲሞቀው እንደ እኛው ቁና ቁና ይተነፍሳል።»

ከድምፁ ኋላ ብርሃኑ መጣ። ፀሐይ ከገባች ትንሽ ቆየት ብላለች፤ ሰማዩ ብዙ ጊዜ የታጠበ ሰማያዊ ሸሚዝ መስሏል። ከአደባባዩ ማዶ ያለው አሮጌ የመኖሪያ ሕንፃ ቀን ሲያዩት ልስኑ የረገፈ፣ የውሃ ቱቦው የዛገ፣ ማንም ቀና ብሎ የማያየው ነው። አሁን መጀመሪያ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ቀጥሎ ረጠበ። ከመሠረቱ ሥር ውሃ ፈለቀና በጡቡ መጋጠሚያ እየተሳበ፣ አንዱን ፎቅ ሞልቶ ወደሚቀጥለው እየተሻገረ፣ ሽቅብ ይወጣ ጀመር።

ሐሳቡ የአለቃ ነው። አለቃ የሚሏት በብርሃን ግድግዳ ላይ የምትስለው ሴት ናት፤ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ፣ ስትቆጣ ድምጿ ከፍ በማለት ፋንታ ዝቅ የሚል። «ቤት ቢተኛ ምን ያልማል?» ብላ ነው የጀመረችው። አሸዋው ከወንዝ የመጣ ነው፤ ጡቡም ጭቃ ነበር፤ እንግዲያው ይህ ሕንፃ ዐይኑን ከከደነ የሚያልመው ወንዙን ነው። በቃ። ከዚህ ሌላ ታሪክ የለውም።

ማማው ላይ፣ ብርሃኑን ከሚወረውሩት ማሽኖች ጎን፣ አንድ ቀጭን ወጣት እጁን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቆሟል። ገና ተማሪ ቤት ሳሉ አንዱ ጓደኛው «ጭራሮ» ብሎት ስሙ እዚያው ደርቆ ቀረ። ሁለተኛ ደረጃን እንደ ጨረሱ እኩዮቹ ወዲያና ወዲህ ሲሯሯጡ፣ እሱ መስኮቷ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የምትፋጠጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ያንን ግድግዳ ሲያይ ከረመ። ዝናብ የተወው እድፍ አንዳንድ ቀን ፈረስ፣ አንዳንድ ቀን ደሴት፣ ሲከፋው ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ የተኛች ሴት ይሆንለታል። ግድግዳ ማየት ሥራ ይሆናል ብሎ በሕልሙም አስቦ አያውቅም፤ አለቃ እስክታገኘው ድረስ።

ሥራው ጭምብል መቁረጥ ነው። ግድግዳ ላይ የሚጣል ብርሃን እንደ ጎርፍ ነው፤ ካልገደቡት ሰው ቤት ዘልቆ ይገባል። ስለዚህ ሕንፃውን ከማማው ላይ ሆነው ፎቶ ያነሡታል። ጭራሮ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ይዘረጋና በሩን፣ በረንዳውን፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ሳይቀር ጠርዝ ጠርዙን እየተከተለ ይቆርጣል። ሰው የሚቆምበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ብርሃኑን ያደበዝዘዋል፤ ዐይን እንዳይወጋ፣ እንደ ሻማ ለስለስ ብሎ እንዲያርፍ። በነሱ ቋንቋ «ሻማ ማብራት» ይባላል። መስኮቶቹስ? ነዋሪዎቹ ለዛሬው ሙከራና ለነገው ዝግጅት የእንጨት መዝጊያቸውን ሊዘጉ ቃል ገብተዋል፤ ወንዙ በመዝጊያዎቹ ላይ ያልፋል።

«ይሄን አሳምረህ ከሠራህ» ብላዋለች አለቃ፣ «የሚቀጥለው ግድግዳ ያንተ ነው።»

የሚቀጥለው ግድግዳ የዱቄት ፋብሪካው ነው። መስኮት የለውም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነጭ። ጭራሮ እሑድ እሑድ እየሄደ ፊቱ ይቆማል። ዘበኛው መጀመሪያ ሌባ መስሎት ነበር፤ ኋላ እብድ ነው ብሎ ተወው። እሱ ግን ምን እንደሚስልበት ያውቃል። ለማንም ተናግሮ አያውቅም እንጂ ያውቃል።

እና አሁን ወንዙ ሦስተኛው ፎቅ ደረሰ። ዓሣዎች መጡ። አንዱ የሕንፃው ጥግ ላይ ሲደርስ ጭራውን አጥፎ ተመለሰ፤ ሌላው ከውሃ ቱቦው ጀርባ የገባ መስሎ በወዲያ በኩል ብቅ አለ። አውቶቡስ ጠባቂዎቹ አውቶቡሳቸው መጥቶ ሲሄድ እንኳ ልብ አላሉም። አለቃ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን በዝግታ ትነቀንቃለች፤ ደስ ሲላት እንደዚያ ናት።

ድንገት መነቅነቋን አቆመች።

«ያ ምንድን ነው?»

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከተዘጋ መስኮት ላይ፣ ሰው ተቀምጧል። በክርኑ ደገፍ ብሎ አገጩን በመዳፉ ይዟል። ትከሻው፣ ኮሌታው፣ የጆሮው ጫፍ ሳይቀር ልቅም ያለ ነው። ቀለሙ የሻማ ብርሃን። ፊት ግን የለውም። ዐይን መሆን በሚገባው ቦታ የመዝጊያው ጣውላ፣ አፍ መሆን በሚገባው ቦታ የዛገ ማጠፊያ። ወንዙ ግራና ቀኙን ተከፍሎ፣ እንደ ትልቅ ሰው አክብሮ ያልፈዋል።

«ኧረ ጉድ!» አለች ከታች አንዲት ሴት። «ፊት የለውም!»

«ሰው ነው እንዴ?» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

«መስኮቱ ተዘግቷል እኮ።»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? የቤት ኪራይ ሰብሳቢ ነው?»

ጭራሮን ላብ አጠመቀው። ፎቶው በተነሣ ቀን አንድ ሽማግሌ መስኮታቸውን ከፍተው ተደግፈው ነበር። ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሲቆርጥ ከሕንፃው ሁሉ እሳቸው ላይ ነው ዐይኑ የቀረው። የኮሌታቸው እጥፋት፣ አውራ ጣታቸው ከአገጫቸው ሥር ገባ ያለበት አኳኋን! አንድ ሙሉ ምሽት እሳቸውን ብቻ ሲቆርጥ አመሸ። ከዚያ ሰው ያለበት ቦታ ነውና ሻማ አበራላቸው። ልክ እንደሠራ ሰው ደስ ብሎት ተኛ። አንድ ነገር ብቻ አላሰበም፦ ሰው የሚነሣ ፍጥረት መሆኑን።

አለቃ ወደ እሱ ዞረች። ድምጿ ዝቅ አለ። ጉድ ፈላ።

«ሰውየውን ቆረጥከው?»

«አለቃ፣ ሰው ባለበት ሻማ አብራ ብለውኝ…»

«በረንዳ ላይ! ሰው በሚመላለስበት! ሰው መስኮት አይደለም እኮ ልጄ፤ ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ሻይ ያፈላል!»

ማስተካከል ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ፊልሙ ተጋግሮ አልቋል። መጋገር የሚሉት ኮምፒውተሩ ወንዙን፣ ዓሣውን፣ ጭምብሉን አንድ ላይ አዋህዶ የሚያወጣበትን ሥራ ነው፤ ቀናት ይፈጃል፤ ዝግጅቱ ደግሞ ነገ ምሽት ነው። የመንገድ መብራቱ እንዲጠፋ የተፈቀደውም ለነገ ብቻ ነው። ቦታውን በሌላ ብርሃን ሊለጥፉት ሞከሩ፤ ብጉር ላይ የተለጠፈ ፋሻ መሰለ፤ ከቅድሙ ባሰ።

«እንግዲህ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ኬብሉን እየጠቀለለ፣ «ሰውየውን አምጥታችሁ ቦታቸው ላይ አስቀምጧቸዋ!»

ሁሉም ሳቀ። አለቃ አልሳቀችም።

«ሂድ» አለችው ጭራሮን። «ነገ ጠዋት ሂድና ፈልጋቸው።»

በማግሥቱ ደረጃውን በእግሩ ወጣ፤ ሊፍቱ ከሞተ ዓመታት ሆኖታል፤ በሩ ላይ አንድ ሰው ጃንጥላ አንጠልጥሎበታል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የጋለ ካውያና የሳሙና ሽታ ተቀበለው። በሩን የከፈተችው ወፈር ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት። ከኋላዋ ክፍሉ ጣሪያው ድረስ ነጭ ነው፦ የተተኮሰ አንሶላ፣ የሚተኮስ አንሶላ፣ ለመተኮስ ተራ የሚጠብቅ አንሶላ። የሰው ልብስ ተኳሽ ናት።

«ልብስ ልትወስድ ነው ልታመጣ?»

«የለም እትዬ፣ እኔ… ጋሼን ፈልጌ ነው።»

«የቱን ጋሼ?»

ጭራሮ የታተመውን ፎቶ ዘረጋላት። ሴትዮዋ ፎቶውን ከዐይኗ ራቅ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ካውያውን ደግፋ አቆመችና እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

«ና! አንተ ሰውዬ ና ጉድህን እይ! ተቀምጠህ ፎቶ ተነሥተሃል!»

ከአንሶላዎቹ መሀል አንድ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ መፍቻ እንደ ያዙ ብቅ አሉ። የሕንፃው ሰው «ጋሼ ሊፍት» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሊፍት ውስጥ ቆመው ሰው ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖረዋል፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህም መቀመጥ አልሆነላቸውም። የሚያጠብቁት ብሎን፣ የሚያቀኑት ሚስማር አያጡም።

«ይሄ ሰውዬ» አለች ሚስታቸው ለጭራሮ፣ «ካገባሁት ጀምሮ መቀመጫው መሬት ነክቶ አያውቅም። በሠርጋችን ዕለት እንኳ ወንበሩ ላይ እኔና ኮቱ ነን የተቀመጥነው።»

ሽማግሌው ፎቶውን ተቀበሉ። ብዙ አዩት። ካውያው ጢስ ጢስ ይላል።

«እኔ ነኝ?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት ጋሼ። ለብርሃኑ የቆረጥኩዎት እኔ ነኝ።»

«አላወቅሁትም።» ጣታቸውን አገጩ ላይ አስኬዱ። «ምን እያሰብኩ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«አንተ አይደለህ የቆረጥከኝ? ታውቃለህ ብዬ ነው እንጂ።»

ጭራሮ ነገሩን ከሥሩ ነገራቸው፤ ፊት የሌለውን ሰው፣ የተጋገረውን ፊልም፣ የዛሬውን ምሽት። የዱቄት ፋብሪካውን ሊነግራቸው አላሰበም ነበር፤ ከአፉ አመለጠው። ይሄ ከተበላሸ ግድግዳው እንደሚቀርበት ነገራቸው። በግድግዳው ላይ የሚያየውንም፣ ለሰው ተናግሮት የማያውቀውን፣ እዚያው አንሶላ መሀል ቆሞ ነገራቸው፦ ዱቄቱ እንደ በረዶ ከታች ወደ ላይ ይዘንባል፤ ሲዘንብ ሲዘንብ ተመልሶ ስንዴ ይሆናል፤ ስንዴው ይወዛወዛል፤ ፋብሪካው ከነጭስ ማውጫው በነፋስ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ውይ» አለች ሴትዮዋ። «ደስ ሲል። ከዚያስ?»

«በቃ እትዬ። ይወዛወዛል።»

«መወዛወዝ ብቻ? ወፍ እንኳ ጣል አድርግበት እንጂ።»

ጋሼ ሊፍት መፍቻውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡ። «ምን ያህል ጊዜ ነው የምቀመጠው?»

«ሻይ ፈልቶ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ቢሆን ነው።»

«እቀመጣለሁ» አሉ።

«ይቀመጣል!» አለች ሚስታቸው ለአንሶላዎቹ። «እናንተ ምስክር ናችሁ።»

ከሰዓት በኋላው በመቀመጥ አለፈ። ወንበሩ አጠረና በታጠፈ አንሶላ ከፍ ተደረገ። ክርናቸው የሚያርፍበት ቦታ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ተሰመረ። ከጀርባቸው ያለው ክፍል ጨለማ ስለሆነ፣ ወንዙ ተቋርጦ ጉድጓድ እንዳይሆን መስኮቱ ሙሉ ነጭ ጨርቅ ማግኘት ነበረበት፤ ሴትዮዋ ትልቁን አንሶላ መረጠችና ያለ አንዲት እጥፋት ተኩሳ ሰቀለችው። «ዓሣችሁ ሲያልፍ እንዳያደናቅፈው» አለች። ኤሌክትሪሺያኑ ታች አደባባዩ ላይ ሆኖ በስልክ ይመራል።

«ወደ ግራ! ግራ በላቸው! የኔን ግራ አይደለም፣ የሳቸውን!»

«አገጭዎን ትንሽ ዝቅ፣ ጋሼ።»

«ዝቅ ሲል ኀዘንተኛ ይመስላል» አለች ሚስታቸው። «ቀና በል፤ እኔ ገና አልሞትኩም።»

«አንቺ አጠገቤ ሆነሽ እንዴት ቀና ልበል?»

መጀመሪያ እግራቸው አልገዛ አላቸው፤ ጉልበታቸው ብቻውን ይነሣ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ሰውነታቸው ፎቶው ውስጥ እየገባ ሄደ። ትከሻቸው ወረደ። አውራ ጣታቸው ሳይነግሯት ቦታዋን አገኘች። ጭራሮ አጠገባቸው ደፉን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ሁለቱም አደባባዩን አዩ። ታች ሰው ይመላለሳል፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም የራሱን ጥላ የሚጎትት ነው።

«በሕልሜ አሁንም ሊፍት ውስጥ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ዐይናቸውን ሳይነቅሉ። «ሰው የለበትም። እኔ ብቻ። ይወጣል። መጨረሻው ፎቅ ይደርሳል፤ በሩ አይከፈትም። ጣሪያውን አልፎ ይወጣል። ውጭው አይታየኝም፤ መውጣቱን ግን ሆዴ ያውቀዋል።»

«ያስፈራዎታል?»

«እንዴ፣ ለምን ያስፈራኛል? ሥራዬ ነው።»

ጭራሮ እንዲህ ያለ ሰው በአቅራቢያው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ፀሐይዋ የሕንፃውን ጎን ስትለቅ ሄዶ ማማው ላይ ወጣ።

አመሻሹ ላይ አደባባዩ ሞላ። ሰው በትከሻ ተጋፍቶ፣ አዛውንቱ ከቤት ባመጡት ወንበር ተቀምጠው፣ ቀና ብሎ ይጠብቃል። ከማማው ሥር የዱቄት ፋብሪካው ኃላፊ ቆሟል፤ አለቃ ሆን ብላ የጠራችው ኮስታራ ሰውዬ፣ እጁን ከኋላ አጣምሮ። የመንገዱ መብራት ጠፋ። ሁሉም «ኡ!» አለ። እምምታው ተነሣ፣ ወተቱ ፈሰሰ፣ ሕንፃው ረጠበ።

ጭራሮ የሚያየው አንድ መስኮት ብቻ ነው። ነጩ አንሶላ ተሰቅሏል። ከፊቱ ጥቁር ነገር ጎበጥ ብሏል፤ ሽማግሌው ቦታቸው ላይ ናቸው። ውሃው አንደኛውን ፎቅ ሞላ። ሁለተኛውን ሞላ። በአንድ እግሩ እንደ ቆመ ሰው ሆኖ ጠበቀ።

ወንዙ ደረሰ፤ ተከፈለ፤ ሻማው በራ።

ልክ ነው! ጣት ቀለበቱን እንደሚያገኝ ብርሃኑ ሰውየውን አገኘ። ዐይን አለው፤ አፍ አለው፤ ግንባሩ ላይ ዕድሜው ተሰምሯል። ነጭ ጸጉራቸው ዳር ዳሩን ብቻ እንደ ብር ክር ያበራል። የሕንፃው ሕልም መሀል አንድ ያልተኛ ሰው ተቀምጦ ወንዙን ያያል። መጀመሪያ ሕዝቡ ሥዕል መሰለው። ከዚያ ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ።

«ሰው ነው! ሕያው ሰው ነው!»

እልልታና ጭብጨባ ተደባለቀ። አለቃ እጇን የጭራሮ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ጎንበስ ብላ ወደ ታች ስታይ የፋብሪካው ኃላፊ እጁን ከኋላው ፈትቷል። «እሑድ ጠዋት የፋብሪካውን ቁልፍ እንቀበላለን» አለች በጭራሮ ጆሮ።  ዱቄቱ ሽቅብ ሲዘንብ ታየው።

አንድ ትልቅ ዓሣ፣ ከሁሉ ዝግ ያለው፣ በሽማግሌው ክርን ሥር መጣ። አገጫቸውን ከመዳፋቸው አነሡ። ዓሣውን በዐይናቸው ተከተሉት፤ ከቀኝ ትከሻቸው ኋላ ገብቶ አንሶላው ላይ ሲያልፍ ዞረው አዩት፤ በግራቸው ወጥቶ ወደ ሕንፃው ጥግ ሲሄድም አዩት። ከጠመኔው መስመር ወጥተዋል። ጭራሮ በልቡ ጠራቸው። ይመለሱ፣ ጋሼ፣ አሁን ይመለሱ።

ተነሡ።

ችኮላ አልነበረበትም። ደፉን ያዝ አድርገው ቀጥ አሉ፤ ከወገባቸው በላይ ለቅጽበት ወንዙ ውስጥ ቆሙ፤ አንሶላውን ገለጥ አደረጉና ከኋላው ጠፉ። ወንበሩ ባዶ ነው። ብርሃኑ ግን እንደ ተቀመጠ ነው። አገጩን በመዳፉ ይዞ፣ ፊት የሌለው፣ ነጩ አንሶላ ላይ።

ጭብጨባው ተቋረጠ።

ስልኩ ሲጮህ ጭራሮ አነሣው። ሴትዮዋ ናት።

«እዚያ መጣ?»

«የት እትዬ? ምን ሆኑ? አመማቸው እንዴ?»

«ምን ያመዋል፣ ከኔና ካንተ ይሻላል! ጫማውን አሠረ፣ ኮቱን ለበሰ፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ሽንት ቤት የሄደ መስሎኝ ነበር። ሰው ደግሞ ኮት ለብሶ ሽንት ቤት ይሄዳል?»

«ምንም አላሉም?»

«ምንም። ካውያውን ሰክቼዋለሁ፣ ትቼው አልወጣም… ቆይ እስቲ ደረጃው ላይ ልየው።» ስልኩ ተዘጋ።

አለቃ ማጥፊያው ላይ ጣቷን አድርጋ ነበር። ጣቷን አነሣችና ዞር አለችለት። «የቆረጥከው አንተ ነህ» አለች፤ ድምጿ እንዲያ ዝቅ ብሎ ሰምቶት አያውቅም። «አጥፋው ወይም ተወው።»

ጭራሮ አየ። ነፋስ መጣ፤ አንሶላው ሞላ፣ ጎደለ። የሻማው ሰውዬ ደረት አብሮ ሞላ፣ ጎደለ። ወንዙ አሁንም ለሁለት እየተከፈለ፣ ማንም ለሌለበት ቦታ እያከበረ ያልፋል። ታች አንድ ሰው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ ለምን እንዳወለቀው እሱም የሚያውቅ አይመስልም። አጠገቡ ያለችው ሴት እንባዋን አብሳ በራሷ ሳቀች። ማንም አላፏጨም። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ጭራሮ እጁን መልሶ ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

የፋብሪካው ኃላፊ ማማውን በጣቱ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ቀና አለ። «ይሄ የታሰበበት ነው?»

አለቃ ጭራሮን አየችው። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ አንዲት ቃል ናት፣ ግድግዳውንም ታስገኝ ነበር።

«የለም» አለ። «ተነሥተው ነው።»

«ተነሥተው…» ሰውየው ቃሉን አፉ ውስጥ አላመጠው፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ እንደገና ወደ መስኮቱ ማየት ጀመረ።

«እሑድ ጠዋት ለማንኛውም እንዳትተኛ» አለች አለቃ፣ እሷም ዐይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል።

የሕንፃው በር ተከፈተ። ጋሼ ሊፍት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ወጡ። ማንም አላወቃቸውም፤ ሁሉም ሦስተኛው ፎቅ ላይ የተቀመጠውን ያያል። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ በትከሻዎች መሀል መንገድ አበጁ። ሰውም ዐይኑን ሳያወርድ ፈቀቅ አለላቸው። በማማው ሥር ሲያልፉ ጭራሮ ብረቱን ይዞ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ!»

ቀና አሉ። አዩት፤ ማንነቱን አልዘነጉም። «የሊፍቱ በር ተከፈተ» አሉ።  መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ዝናብ መጀመር አለመጀመሩን እንደሚያይ ሰው። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የአውቶቡስ ማቆሚያውን አለፉ፤ መብራቱ ከጠፋው መንገድ መብራቱ ወዳልጠፋው ተሻገሩ፤ በማዕዘኑ ታጠፉ።